ጥይት ፈሪው መምህር

መምህር ስዩም መሞቱን የሰማሁት ጎብዬ ላይ ከአንድ የባጃጅ ሾፌር አፍ ነው። «ያ ጥይት የሚፈራው የቆቦ መምህር ዐረፈ አሉ» አለኝ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሁሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ ግን «ማን ተኮሰ?» አልኩት።

ማንም አልተኮሰም። ጉበቱን ታሞ፣ ሲነሣ ሲወድቅ ከርሞ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የሞተው። ይህንንም ቢሆን ከሌላ ሰው ሳላጣራ አላመንኩም። ጠባዬ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቆቦ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ንብረት ክፍል የኖረ ሰው ጠመኔ ሲጎድል የማን ኪስ ነጭ እንደሆነ ያያል፤ ሰው ሲስቅለትም ምን ሊጠይቀኝ ነው ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ አልሐምዱሊላህ እስካሁን አልተመነጠርኩም። ስዩምን ካየሁት ቀን ጀምሮ ስጠረጥረው ኖሬአለሁ። ከጠረጠርኳቸው ሰዎች ሁሉ የማልረሳውም እሱን ነው።

የቆቦ ልጅ ነው። ነፃ ትምህርት አግኝቶ ባህር ማዶ ሄደ፤ እዚያም የልብ ሴል በሚመረመርበት ላብራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቷል አሉ። ከዚያ አንድ ሻንጣ ይዞ ተመለሰና የባዮሎጂ መምህር ሆኖ እኛ ዘንድ ተቀጠረ። ሰው ከቆቦ ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ወደ ቆቦ የጠመኔ አቧራ ሊውጥ የሚመጣ ምን የሆነ ሰው ነው? አባረውት ነው ያሉ ነበሩ። ልከውት ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ሦስተኛ ጨመርኩ፦ የሚፈልገው ነገር እዚሁ አለ።

ደግሞ ጥርጣሬን የሚጠራ ሰው ነበር። ሲጨብጥህ ሁለት ጣቶቹ ሾልከው እጅህ አንጓ ላይ፣ ደም ስሩ ላይ ያርፋሉ። ስለ ቤተሰብህ እየጠየቀህ ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ ልብህን እየቆጠረ ነው። ገበያ ላይ ሰው ይህን ነቃበትና እጅ መስጠት አቆመ፤ ትከሻ ብቻ ሰጥቶት ያልፋል። እሱ አይቀየምም። ስለ ምንም ነገር ብትጠይቀው የሚመልሰውም አንድ ነበር፦ «ተጠርጥሯል እንጂ አልተረጋገጠም።» ሙዙ በስሏል ወይ ስትለው፣ ነገ ይዘንባል ወይ ስትለው፣ ያው ነው። እኔ መጀመሪያ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

የበሬ ልብ መግዛቱ ደግሞ ባሰ። ለክፍል ማስተማሪያ ነው ብሎ ከክርስቲያን ሥጋ ቤትም ከእስላም ሥጋ ቤትም ይገዛ ነበር። በኛ አገር ጎረቤት ከጎረቤት ሐዘንና ሠርግ አብሮ ያሳልፋል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። እሱ ክርስቲያን ነው፤ የእስላም ሥጋ ምን ሊያደርግለት? ሁለቱም ሥጋ ቤቶች ተጠራጠሩት። እኔም ካላየሁ አላምንም ብዬ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ በቤተ ሙከራው መስኮት አጮልቄ አየሁ። ስዩም አልበላውም። በምላጭ ሰንጥቆ፣ ጣቱን በቀዳዳዎቹ እያስገባ እያስወጣ፣ ለራሱ ያወራ ነበር። ቢበላው ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ወደ ቤቴ የመጣው በሐዋ በኩል ነው። ሐዋ የእህቴ የዘምዘም ልጅ ናት፤ እዚያው እኛ ትምህርት ቤት ትማር ነበር። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሮጡ በአፍጢሟ ተደፋች። ስደርስ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ስዩም ተንበርክኮ አንጓዋን ይዟል። ብዙም ሳትቆይ ዓይኗን ገለጠች። ልጆቹ «ዓይነ ጥላ ነው» ሲሉ እሱ ወደኔ ቀና ብሎ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፤ «አባቷ እንዴት ነበር የሞተው?»

የዘምዘም ባል ይማም የሞተው ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራው ደጃፍ ደርሶ ተኩሱ ሲከፈት የሚጠጣውን የቅሪቦ ብርጭቆ በእጁ እንደያዘ ወደቀ፣ ቀረ። ቅሪቦውን የሰጠው ጎረቤቱ ነበር። መርዝ ነው ተባለ። የይማም ወንድሞች ጠመንጃ አንሥተው ደም ሊመልሱ ሲሉ፣ ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሎች ገብተው ጎረቤትየውን በቁርዓን አስምለው አበረዱት። ዘምዘም ግን ከዚያ ሰው ቤት እሳት እንኳ ጭራ አታውቅም። ይህ የኛ የቤት ጉዳይ ነው፤ ማንም ባዳ የሚጠይቀው አይደለም። «በሕመም» ብዬ ዘጋሁት።

አልተዘጋም። በሳምንቱ ስዩም እስከ ዘምዘም ማሳ ድረስ ሄደ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ፣ ብቻዋን እንዳያገኛት። ክረምት ነበር፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ለመጥለፍ ሰው ሁሉ ቦይ እየጠረገ ነው። ስዩም ጫማውን አውልቆ ቦዩ ዳር ተቀመጠና ነገሩን ከዚያው ጀመረ። ልብ ከጥቃቅን ሴሎች የተሠራች ናት፤ እያንዳንዱ ሴል ቆዳው ላይ ከፕሮቲን የተበጁ በሮች አሉት፤ በነዚያ በሮች ካልሲየምና ፖታሲየም የሚባሉ ጨዎች ሲገቡና ሲወጡ ነው ልብ የምትመታው አላት። ዘምዘም ማረሻ የምትገዛ ይመስል ፊቱን እያየች ሰማችው።

«ጎርፍ ሲመጣ ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት መልክተኛ ይልካል አይደል?» አላት። «መልክተኛው ሮጦ መግቢያውንም አስፉ፣ ማስተንፈሻውንም አስፉ ይላል። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥም ደሙ ውስጥ መልክተኛ ይለቀቃል። በትእዛዙ ፎስፌት የምትባል ቅንጣት በሮቹ ላይ ትለጠፋለች። እሷ ስትለጠፍ በሩ ይሰፋል፤ መግቢያውም፣ መውጫውም።»

«እሺ» አለች ዘምዘም።

«የልጅሽ መግቢያ ትእዛዙን ይሰማል። መውጫው ግን ሳይሰማ የሚቀር ይመስለኛል። ከዚያ ጎርፉ ይገባል፣ አይተነፍስም። ልብ መምታቱን ትታ ትርገበገባለች። የባልሽም እንዲያ ሁኖ ይሆናል፤ በመርዝ ላይሆን ይችላል። ተጠርጥሯል እንጂ አልተረጋገጠም።»

ዘምዘም እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን ፎስፌት ያለውን ይዤ ነበር፤ ፎስፌትን የማውቀው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። ባጠገባችን ቦይ የሚጠርጉትም ሰምተው ኖሮ፣ መምህሩ የሰው ልብ ላይ ማዳበሪያ ይለጠፋል አለ የሚል ወሬ እኛ ቤት ሳንደርስ ቆቦ ደረሰ።

የሆነው ሆኖ ልጅቷን ሆስፒታል ወሰድናት። የልብን ኤሌክትሪክ በሚያነበው ማሽን አዩዋትና ሐኪሙ ስዩም የጠረጠረውን አረጋገጠ፤ ልቧ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ትዘገያለች አለ። ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ መልክተኛውን ደጃፍ ላይ ያስቀረዋል፤ በሩን ግን አይጠግንም። መሮጥ ቀረ፣ ድንገተኛ ጩኸት ቀረ፣ ክኒን ማቋረጥ ቀረ። ዘምዘም ለሼሁም ወሰደቻት፤ ስዩም «ዱዓውንም አድርጉላት፣ ክኒኑንም ትዋጥ» አለ። ለሰው ግን ማንም እንዳይናገር ዘምዘም አስማለችን። በዘር የሚሄድ በሽታ አለ ከተባለ ሐዋን ማን ያገባታል? ታናናሾቿንስ?

ከዚያ ወዲህ ስዩም ቤታቸው መመላለስ አበዛ። ክኒን አለቀ ወይ፣ ዋጠች ወይ ነው ጥያቄው። ልጅ የለው፣ ሚስት የለው። እኔ አጎቷ ዓይኔን ጥዬበት ነበር። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ባህር ማዶ ሳለ እነዚያን በሮች ያያቸው ሳህን ውስጥ ባለ ሴል ላይ ብቻ ነበር አለኝ፤ አንዲት ቅንጣት ስትለጠፍና ስትላቀቅ ሲያይ ብዙ ዓመት ኖረ። «በሩ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር» አለ። ለምን እንደተመለሰ ስጠይቀው ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ያን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሐዋ ትምህርቷን ስትጨርስ ከሮቢት ታጨች። ልጁ ሰይድ ይባላል፣ ደግ ልጅ ነው፤ አባቱ አያ አሊጋዝ ግን ስሙ የተፈራ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። በኛ አገር ሙሽራ ስትወሰድ ካልተተኮሰ ሠርግ አይባልም። የወንዱ ወገን ደጃፍ ሲደርስ ይተኩሳል፣ የሴቷ ወገን ይመልሳል። ዝም ያለ ሠርግ የተሸፋፈነ ነገር አለበት ነው የሚባለው። አትተኩሱ ብንል ምስጢሩ ወጣ። ዝም ብንል አባቷ የሞተበት ዓይነት ተኩስ ፊት ልጅቷን ልናቆማት ነው። ዘምዘም እንቅልፍ አጣች። እኔም ሠርጉ ይቅር እስከ ማለት ደረስኩ።

ስዩም መጣና የጡት አባቷ ልሁን አለ።

የጡት አባት የድሮ ወግ ነው። አባት የሌለው ሰው፣ ወይም ዝምድና ማጥበቅ የፈለገ፣ የሚያከብረውን ሰው አባት ያደርጋል፤ ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፣ ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው። ሃይማኖት አይለይም። ወጉን አውቃለሁ፤ እሱ ምን ሊያተርፍ እንደፈለገ ግን አላወቅሁም። ማታ ማታ አሰላስዬ አጣሁት። ሐዋ ግን አላመነታችም፤ ሽማግሎች በተሰበሰቡበት ጣቱን ጠባች፣ እሱም ግንባሯን ሳማት። ዓይኑ ማቅረሩን አየሁ። ይህንንም ጠረጠርኩት።

በማግስቱ እኔን ይዞ ሮቢት ወረደ። አያ አሊጋዝ በክብር ተቀበለን። ስዩም ተቀምጦ እንዳበቃ፣ የልብ በሽተኛ ነኝ አለ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አጠገቤ ድንገት ጥይት ከተተኮሰ እወድቃለሁ፣ ሠርጉ ላይ ተኩስ እንዳይኖር ልለምን ነው የመጣሁት አለ።

አያ አሊጋዝ ሲዳብሰው የነበረውን ጢሙን ተወ። «ያንን ቀን ራቅ ብትል አይሻልም?» አለው።

«አባት ነኝ፤ ልጄን የማስረክበው እኔ ነኝ። ከዚያ ደጃፍ አልጠፋም። ብትተኩሱ እሞታለሁ። ሬሳዬን ተሻግራችሁ ነው ሙሽራዋን የምትወስዱት። ደሜ በማን ላይ እንደሚሆን አያ አሊጋዝ ከኔ በላይ ያውቃሉ።»

ራያ ላይ ደም ቀልድ አይደለም። የጡት አባት የሆነን ሰው «አትምጣ» ማለትም ነውር ነው። ያን ጊዜ ማሩ ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ። አያ አሊጋዝ «ለአንድ ፈሪ ብዬ የልጄን ሠርግ ሐዘን ላስመስል?» አለ። እዚህ አገር ወንድ ልጅ «ጥይት እፈራለሁ» ብሎ ከራሱ አፍ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እኔ ስላፈርኩ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

ሠርጉ ዕለት ግን በአያ አሊጋዝ ትእዛዝ አጃቢዎቹ ጥይታቸውን ከጠመንጃቸው አውጥተው ገቡ። ሐዋ በሰላም ወጣች። ሴቶቹ ግን ዝም አላሉም፤ ከበሮ አንሥተው አወረዱበት፦

ሙሽራው ጎበዝ ነው፣ ጠመንጃው ዝም ይበል፣
የሙሽሪት አባት ከጓዳ ይከለል።

ስዩም ራሱ አብሮ ሲያጨበጭብ አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጠፋ። ጥይት ፈሪው ሆነ። ተማሪዎች ከኋላው ወረቀት ነፍተው ያፈነዱበታል፤ እሱም ደረቱን ይይዛል። ስብሰባ ላይ አስተያየት ሲሰጥ «እስቲ ጸጥ በሉለት፣ እንዳይደነግጥ» ይባላል። ሊያገባት ያሰባት አንዲት ነርስ ነበረች፤ ወንድሞቿ «ለፈሪ አንሰጥም» አሉ። ይህን ሁሉ ችሎ ኖረ። እኔ ደግሞ በበኩሌ ሌላ ነገር ማብሰልሰል ጀመርኩ፤ ምናልባት እውነቱን ይሆን? እሱም ያው በሽታ ኖሮበት ይሆን የተመለሰው? ያንን ሁሉ ዓመት ልብ ሲያጠና የኖረው ለራሱ ፈርቶ ይሆን?

አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ሻይ እየጠጣን አጠገባችን የቆመ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ወለሉ ላይ ተኛ። እኔም ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ከዚያ ሆኜ ቀና ብል ስዩም እንደተቀመጠ ነው፤ ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ነው፣ ጠብታ አልፈሰሰም። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ዘገየህ» አልኩት ከጠረጴዛው ሥር።

«ምኑ?»

«አንተ ልብህ ደህና ነው።»

ዙሪያውን አይቶ ወደኔ ጎንበስ አለ። «ተጠርጥሯል እንጂ አልተረጋገጠም» አለኝ። እኔም ለማንም ሳልናገር ያዝኩት፤ ብናገር ልጅቷን ማጋለጥ ነው።

ሐዋ ሁለት ልጆች ወለደች። ስዩም ሁለቱንም ሆስፒታል አስመርምሩ ብሎ ወተወተ፤ ሰይድ የሚስቱን ነገር ካወቀ ቆይቷል፣ አባቱን ፈርቶ ዝም ብሎ ነበር። በገበያ ሰበብ ወስደው አስመረመሩ። ትንሿ ልጅ እንደ እናቷ ሆነች። እሷም በስውር ክኒን ጀመረች። ስዩም እየከሳ የሄደው ያን ሰሞን ነው።

ቀብሩ ላይ ራያ ወጥቶ ነበር። ስንት ያፌዙበት ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ። ጠመንጃ የያዘውም ብዙ ነው፤ በኛ ወግ ወንድ ሲቀበር ጥይት ይጮህለታል፣ ሳይተኮስለት የሚቀበር የወንድ ቁጥር ውስጥ አይገባም። አያ አሊጋዝም ከሮቢት መጣ፤ አርጅቷል፣ ጠመንጃው ግን አለ። ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ሰዉ ወደሱ ተመለከተ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅር። በሕይወቱ የፈራውን በሞቱ አናምጣበት» አለ። ክፋት አልነበረበትም። አንዳንዱ ግን ፈገግ አለ።

ከሴቶቹ መሐል ሐዋ ስትነሣ አየሁ። ዘምዘም ቀሚሷን ያዘቻት፤ አስለቀቀቻት። እኔ የምትለውን አውቄአለሁ። ልጅ አላት፣ ባል አላት፣ ታናናሾቿ አልተዳሩም፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ቆሟል።

«አባባ» አለች አማቷን። «ጥይት የማይችለው እኔ ነኝ።»

አያ አሊጋዝ አልገባውም።

«አባቴ ይማም የሞተው በመርዝ አይደለም። እኔም እንደሱ ነኝ። ሲተኮስ ልቤ ይጠፋል። የሠርጌ ለት ብትተኩሱ እዚያው ነበር የምቀረው። የጡት አባቴ ምንም አልነበረበትም። ለኔ ሲል ፈሪ ተባለ። ትንሿ ልጄም እንደኔ ናት፤ ከዛሬ ወዲያ የሚጠላትም ካለ አውቆ ይጥላት። ይህን አባቴን ግን እንደ ውሻ ዝም ብላችሁ አትቅበሩት። ተኩሱለት።»

ቄሱ ማዕጠንታቸውን እንደያዙ ቆሙ። የማውቃቸው ፊቶች ሁሉ ወደ መሬት ሆኑ። አያ አሊጋዝ ልጁን በዓይኑ ፈለገ። «ታውቅ ነበር?» አለው። ሰይድ «አውቅ ነበር» አለ። እኔ ጥርጣሬዬን ሰብስቤ የመጨረሻውን ክፉ ነገር ጠበቅሁ፤ አሁን ይፈታታል፣ አሁን በሽታ ያለበት ዘር ሰጣችሁኝ ይላል አልኩ።

ሽማግሌው በጠመንጃው ተደግፎ ወደ ሐዋ ተጠጋ።

«እስከ የት ብትርቂ ይበቃሻል?» አላት።

ሐዋ እንባዋ መጣ። ሰይድ ክንዷን ይዞ ልጆቹን ሰብስቦ ባጃጅ ላይ አወጣቸው፤ ሮቢት እስኪደርሱ ማንም እንዳይተኩስ አያ አሊጋዝ አዘዘ። ሳጥኑ መቃብሩ አፍ ላይ ሆኖ ጠበቅን። ፀሐዩ የቆቦ ፀሐይ ነው። ያን ያህል ሕዝብ፣ ያን ያህል ጠመንጃ፣ ቃታ የነካ የለም፣ ሳል የሳለ የለም። ካህናቱ እንኳ አላጉረመረሙም። ለሞተ ሰው ቀብር እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም፤ የሚጠበቀውም ለሕያው ሰው ነበር።

የሰይድ ስልክ የመጣው ለኔ ነው። «ደርሰናል፣ ቤት ገብተናል፣ በሩንም ዘግተናል» አለኝ። «ክኒኑን ዋጠች?» አልኩት። «ሁለቱም ውጠዋል።» ስልኩን ዘግቼ ለአያ አሊጋዝ ራሴን ነቀነቅሁለት። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ከኔ በፊት ማንም እንዳይተኩስ» አለ፤ ከዚያም ወደ ሰማይ አነጣጥሮ፣ «ይቅር በለኝ፣ ጀግናዬ» ብሎ ቃታውን ሳበ።